ሻንጣው ያልወረደበት ዓመት

ሰፈሩ በሙሉ «መቀሱ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መንገድ ላይ ሲያገኘው «መቀሱ፣ እንዴት ዋልክ?» ይለዋል። ዛፍ ከርካሚ ነው። መሰላሉን በትከሻው፣ እጀታው የረዘመውን መቀስ በእጁ፣ መጋዙን በወገቡ ይዞ የከተማውን የመንገድ ዳር ዛፎች ሲከረክም ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሲሄድ ወደ ላይ እያየ ነው የሚሄደው። ወደ ላይ እያየ ስንት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብቷል፣ ስንት ጊዜ ከሰው ጋር ተላትሟል። አንድ ቀን ከመብራት እንጨት ጋር ተጋጭቶ «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎት አለፈ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። እሱም አላስተባበለም።

በቤቱ ፊት ለፊት በሚያልፈው ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙትን ወይራዎች የተከላቸው እሱ ነው። ሥራ በተቀጠረ ሰሞን፣ ገና ጢሙ በቅጡ ሳያበቅል፣ ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፣ ችግኙን ራሱ ተሸከመ፣ ፀሐይ ሲበረታ በጄሪካን ውሃ እያመላለሰ አሳደጋቸው። አለቆቹ ወይራን የመረጡት ቅጠሉን አራግፎ መንገድ ጠራጊዎችን አያስመርርም ብለው ነበር። ሚስቱንም ያገኛት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ልብስ ተኳሽ ናት። የምትሠራበት ላውንደሪ መስኮት ሥር ያለውን ወይራ በየሳምንቱ እየመጣ ሲከረክመው፣ ሲከረክመው፣ ዛፉ መላጣ ሊሆን ሲል የላውንደሪው ባለቤት ወጥቶ «አንተ ሰው፣ ልጅቷን ጠይቃትና ዛፉን ተወው» አለው ይባላል። ጠየቃት። እሺ አለች።

ልጅ ግን ቶሎ አልመጣላቸውም። ሰው ጠይቆ ጠይቆ ሰለቸው፤ እነሱም ነገሩን ማንሳት ትተው ኑሯቸውን ያዙ። ተስፋው ከተቆረጠ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው አንዲት ሴት ልጅ የተወለደችው፤ ክርር ያለች ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ምላሷ ስለት። እንደ ዓይናቸው ብሌን አሳደጓት። መራመድ ስትጀምር ደረቷ ማፏጨት ጀመረ፤ አስም ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ሊያሾፉባት መዘጋጀታቸውን አይታ ቀደመቻቸው። «ፉጨት በሉኝ» አለች በመጀመሪያው ቀን። «ጠላት ስም ሳያወጣልኝ እኔው ላውጣ» ብላ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያሾፍባታል? ቤትም ደጅም ፉጨት ሆና ቀረች።

ሐኪሙ አንድ ቀን ክንዷን በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር እያደረገ የልዩ ልዩ ነገር ጠብታ ሞከረባት። የድመት ፀጉሩ ዝም አለ። የቤት አቧራው ዝም አለ። የወይራው አበጠና ቀላ። «ሰፈራችሁ ወይራ አለ እንዴ?» ሲል ፉጨት ወደ አባቷ ዞር ብላ «የሱ ልጆች ናቸው፤ ታላላቅ ወንድሞቼ» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ። እናትየውም ሳትወድ ሳቀች። መቀሱ ግን የልጁን ክንድ እያየ ቀረ፤ መሳቅ አቃተው።

የወይራ አበባ መቼም አበባ ለመባል አይበቃም። ቀና ብሎ ልብ ላላለው አይታይም፤ ነጣ ያለች፣ ደቃቃ፣ ዘለላ ዘለላ የሆነች ነገር ናት። ጉዱ ያለው ብናኟ ላይ ነው። ነፋስ ይዞት ይዞራል፤ መኪና መስታወት ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ገመድ ላይ በተሰጣ አንሶላ ላይ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይተኛል። ሌላው ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ይገላገላል። ፉጨት ግን ያኔ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ የምትስበውን የአስም መድኃኒት፣ ፓፏን፣ አፏ ላይ ደቅና ዓይኗ ይፈጣል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ወላጅ ሁለተኛ አያይም፤ አገር ጥሎ ይሄዳል እንጂ።

አገር ጥለው የሚሄዱበት አቅም ስላልነበራቸው ልጅቷን ብቻ መላክ ጀመሩ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ አረንጓዴ ሻንጣ አለ። ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ መግባት ሲጀምር መቀሱ ከወይራው እንቡጥ ይቀጥፍና በአውራ ጣቱ ጥፍር ይሰነጥቀዋል። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። ቢጫ ካለ ደርሷል። ቢጫ ያየ ዕለት ከሥራ ሲመለስ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ሻንጣውን ያወርዳል። በቃ። ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች፣ ፉጨት መጽሐፎቿን ትሰበስባለች። «የመቀሱ ሻንጣ ወረደ» ሲባል ጎረቤቱም ልብስ ደጅ ማስጣቱን ይተዋል።

የምትሄደው ወደ አክስቷ ነው፣ ወደ መቀሱ ታላቅ እህት። ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ያለችበት ከፍ ያለ፣ ድንጋያማ፣ ነፋሱ የማያባራበት ስፍራ ነው፤ ወይራ ለወሬ አይገኝበትም። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ አንዷን የስፌት መኪናዋ ይዞታል፣ በሌላዋ አንድ አልጋ አለ። ፉጨት ስትመጣ አክስት አልጋዋን ትለቅላትና ራሷ ከስፌት መኪናው ሥር ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። ልጅቷ እኔ መሬት ልተኛ ብትል አትሰማትም። «አልጋው የሚበጀው ለሚያፏጭ ሰው ነው» ትላታለች። ይዋደዳሉ። አክስት ጨርቅ ስትቆርጥ ፉጨት የሰፈሩን ሴቶች አነጋገር እያስመሰለች ታስቃታለች። ወይራው አራግፎ ሲጨርስ መቀሱ ሄዶ ይመልሳታል።

ይህ ብዙ ዓመት ያለ ችግር ሄደ። የድሮ ወይራ ጨዋ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ያብባሉ፣ አንድ ላይ ያራግፋሉ፣ ያልቃል። ኋላ ግን ብርዱ እየሳሳ መጣ። ካፖርት ሳይወጣ የሚያልፍ የብርድ ወራት ማየት ጀመሩ። ሬዲዮው የዓለም ሙቀት ጨመረ፣ የአየር ንብረት ተለወጠ ይላል፤ መቀሱም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ነገሩ የሌላ አገር ወሬ እየመሰለው። እንቡጡ ግን በየዓመቱ ቀደም እያለ ቢጫ ያሳየው ጀመር። መቅደሙስ ባልከፋ። ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ሲቀድም ጥላ ውስጥ ያለው ይዘገያል፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ ወቅቱ ተንዛዛ። ፉጨትም ቀድማ እየሄደች ዘግይታ መመለስ ጀመረች። የአክስቷ ቤት ግን ያው ሁለት ክፍል ነው፣ አልጋውም ያው አንድ።

ባለፈው ዓመት ሊወስዳት የሄደ ዕለት እህቱ በር ላይ ቆማ ተቀበለችው። ከፍራሹ ስትነሳ ወገቧን በእጇ ደግፋ እንደነበር በመስኮት አይቷል። እሷ ግን እየሳቀች «ዘንድሮስ ከረማችሁ!» አለችው። ቀልዷ ነው። ሴትዮዋ ቀልደኛ ናት፤ ልጅቷ ያን ምላስ ከማን ያመጣችው ይመስላችኋል? ደግሞስ የከረመችው ልጅቷ ናት፣ እሱ ገና መግባቱ ነው። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ቃሉ ወጣ፣ ወንድሟ ጆሮ ውስጥ ገባ፣ እዚያው ተቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ አየች። ልትመልሰው አልቻለችም፤ ምን ብላ? ምግብ አቀረበች፣ በላ፣ አመሰገነ፣ ልጁን ይዞ ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ፉጨት ስታወራው «እህም» ከማለት ሌላ አልተናገረም።

ዘንድሮ ብርዱ ጭራሽ አልመጣም ማለት ይቻላል። ላውንደሪው ውስጥ ከካውያው ሙቀት ላይ የደጁ ሙቀት ተጨምሮ ሚስቱ ቀሚሷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነው የምትገባው። መቀሱ በሌላ ሰፈር ሲከረክም ሰንብቶ አንድ ቀን ወደ ራሱ መንገድ ተመለሰና ቀና ቢል፣ እንቡጡ ተወጥሯል። አላመነም። ወጥቶ ቀጠፈ፣ ሰነጠቀው። ቢጫ ነው። ሌላ ዛፍ ሄደ፣ ሰነጠቀ። ቢጫ። ቤቱ ገባና ቁም ሣጥኑን አየው፤ ሻንጣው ከነአቧራው ተቀምጧል። አላወረደውም።

ለምን ብትሉ፣ ይሉኝታ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ያመጣብን ማን እንደሆነ ባውቅ ደጁ ሄጄ እጮህበት ነበር። እህቴ ወገቧን ታማለች አለ በሆዱ። አምና ከረማችሁ ብላኛለች፤ ዘንድሮ ደግሞ ከአምናውም ቀድሜ ብልክባት ምን ትለኛለች? አልጋዋን ወስጄባት ግማሽ ዓመት? ትንሽ ልታገሥ። እንዲህ እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ሲሟገት ይሸነፋል።

ሚስቱ የአንሶላው ጠርዝ ላይ ቢጫ ነገር ያየች መሰላት። ልጅቷን አንላክም ወይ አለችው። ገና ነው አላት። እኔ ልደውልላት ወይ አለች። የኔን እህት አንቺ አታስቸግሪያትም፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ ብሎ አፏን አስያዛት። ፉጨት በበኩሏ ደስ ብሏታል፤ ትምህርት ቤት ተውኔት ይዘው ነበር፣ እሷ የምትጫወተው አሮጊት ሆና ነው፣ ሳይደርስ መሄድ አልፈለገችም። «መስኮት እንዘጋለን፣ ምን አለበት» አለች። አባቷ ይህን ሲሰማ እንደ ትልቅ ምክንያት ያዘው።

በዕረፍት ቀኑ ከሰዓት በኋላ ስልኩን አነሳ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና ጆሮዋን አቁማለች። እትዬ እንዴት ነሽ? ደህና ነኝ፣ እናንተስ? ደህና ነን። ፉጨቴስ? ደህና ናት። ሥራስ? ምን አለ ሥራ። ወገብሽስ? ወገቤማ የት ይሄዳል፣ ደህና ነው። ጤናው እንዴት ነው? ጤናው ደህና ነው፣ ምስጋና ይግባው። ሰላምታችን መቼም ብዙ ነው፤ ሰው ጭንቀቱን በሰላምታ ጠቅልሎ ማሳለፍ ይችላል። ሁለቱም የሚጠየቀውን ጠይቀው ሲጨርሱ ስልኩ ጸጥ አለ። ኋላ እህቱ «እዚያ ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለችው።

«ምንም አይል» አላት።

እሺ አለች። በሉ እንግዲህ ደህና ሁኑ ተባባሉና ተዘጋ። ሚስቱ ጠየቅካት ወይ ብላ ወጣች። ትንሽ ይቆይ፣ እንቡጡ ገና አረንጓዴ ነው አላት። በትዳር ዘመኑ ስለ ዛፍ ሲዋሻት የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ መሰላሉን ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት ሁለት ወይራዎች ላይ አስደግፎ ቅርንጫፍ ሳያስቀር መለመላቸው። ግንዱ ብቻ እስኪቀር። አለቃው በዚያ ሲያልፍ «እነዚህ ዛፎች ምን በደሉህ?» አለው። ነቀዝ ገብቷቸዋል አለ። የቆረጠውን ከነእንቡጡ ሰብስቦ በጋሪ ወሰደ፤ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሽ የገዛ መስሎት ልቡ ትንሽ ረጋ። ግን ሁለት ዛፍ ምን ይፈይዳል? መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ወይራ ነው። ሁሉንም የተከለው እሱ ነው።

ከዚያ ያ ትኩስ ነፋስ የነፈሰበት ቀን መጣ። ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ደረቅ ሙቀት ወረደና የተወጠረው እንቡጥ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈካ። መቀሱ ገበያው አጠገብ መሰላል ላይ ነበር። እጅጌው ላይ ቢጫ አየ፤ በሌላው እጁ ጠረገው፤ እጁም ቢጫ ሆነ። ዛሬ ሻንጣውን አወርዳለሁ አለ። እውነቱን ነው፣ የዚያን ዕለት ሊያወርደው ቆርጦ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ሳልደውልም ቢሆን ይዣት እሄዳለሁ አለ። ሥራውን ጨርሶ ለመሄድ ቸኩሎ ይቆርጥ ጀመር። የሰው ድምፅ ሲሰማ ወደ ታች አየ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ኮፍያውን አውልቋል።

ፉጨት በምሳ ሰዓት ከግቢ ስትወጣ ነው የያዛት። ፓፏን አውጥታ ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ዘበኛው ተሸክሟት ሮጦ ታክሲ ውስጥ አስገባት። ታክሲው ወደ ሐኪም ቤቱ የሄደው በዚያው በወይራው መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም፤ መስኮቱም ከሙቀቱ የተነሳ ክፍት ነበር። ሲደርሱ ፉጨቱ ቆሟል። አባቷ ሲገባ ነርሷ ፊቷን ጠርጋላት ነበር። ቅንድቧ ላይ ግን ቢጫው ቀርቷል። በጣቱ ጠረገላት፤ የሱ እጅ ከእሷ ፊት ይብስ ነበርና ጨመረባት እንጂ አልጠረገላትም።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። የትምህርት ቤት ልጆቹ መጡ፤ ተውኔቱ ተሰርዟል። ሚስቱ ማዕዘን ይዛ ተቀምጣ አንድም ቀን አልጮኸችበትም። ሰው ሳሳ ሲል፣ ያኔ ብቻ፣ ወደ እሱ ሳታይ «አንተ ዛፍ ታውቃለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። እንቡጡ ቢጫ እንደነበር ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

እህቱ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ከሁሉም በኋላ ነው የቀረችው። ከወገቧ ጎብጣ ዕቃ ታጥባለች፣ ለእንግዳ ውሃ ታቀርባለች፣ ወንድሟን ዓይን ዓይኑን ታያለች። ቤቱ ባዶ በሆነበት ከሰዓት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ ሁለቱም እያዩ ነበር።

«ከመደወልህ በፊት፣ ለዓይኔ ወደዚህ ከተማ ሐኪም ቤት የመጣሁ ዕለት» አለችው፣ «አውቶቡሱ በዚህ በኩል ነው ያለፈው። እንቡጡ ተወጥሮ አየሁት። ልውረድ ልውረድ አልኩና፣ ለዛፍ ሰው ዛፍ ላስተምረው ነው ወይ ብዬ አፈርኩ። ቤቴ እንደገባሁ አልጋዬን አነጠፍኩላት። ያን ጊዜ ስትደውልልኝ እኔ መሬት መተኛት ከጀመርኩ ሰንብቼ ነበር። አሁን ይጠይቀኛል፣ አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩህ።»

«ታዲያ ለምን አላልሽኝም እትዬ?»

«ምን ልበል? አምና ያመለጠችኝ ቃል አለች፤ ፊትህን አይቻለሁ። ቶሎ ላካት ብልህ፣ ቶሎ ውሰዳት ያልኩህ እንዳይመስልህ ፈራሁ።»

መቀሱ እጁን አየ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ፤ እሷም አብራ አለቀሰች፤ ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ ሁለቱን አየቻቸውና ተመልሳ ገባች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ የድሮ ሰዎች። ይነቅዛል። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚሉትም እነሱው ናቸው፤ የቱን እንደምንሰማ ግን አልነገሩንም። አንድ ሰው ዛፍ አወቀ፣ ሁለተኛዋ አልጋ አነጠፈች፣ ሦስተኛዋ አንሶላ ላይ ቢጫ አየች፣ ሦስቱም ተከባበሩና ልጅቷ ሞተች።

ሰው መቀሱ ወይራዎቹን ይጥላቸዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጣላቸውም። መጋዙን ይዞ የወጣበት ቀን ነበር ይላሉ፤ ግንዱ ላይ አሳርፎት ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። ዛሬም ይከረክማቸዋል። መላጣ ያደረጋቸው ሁለቱም አቆጥቁጠዋል። ሲሄድ ግን ወደ ላይ ማየት ትቷል፤ ከማንም አይጋጭም። ከሚስቱ ጋር ስለ ቁልፍና ስለ ጨው ይነጋገራሉ።

በዓመቱ ወይራው ከዚያኛውም ቀድሞ መጣ። እንቡጥ አልሰነጠቀም፤ ከሥራ ተመልሶ ወንበር ላይ ወጣና ሻንጣውን አወረደ። ሚስቱ ምን ልታደርግ ነው አላለችውም። የራሱን ሁለት ሸሚዝ አጥፋ ከተተችለት። ሳይደውል ወደ እህቱ ሄደ። ስትከፍትለት ሻንጣውን አየችውና ለምን መጣህ ሳትል መንገድ ለቀቀችለት። ገባ። ፍራሹ ከስፌት መኪናው ሥር ተዘርግቷል። በውስጠኛው ክፍል አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው አዲስ ነው፣ ትራሱ ተነፍቶ ተቀምጧል።

እዚያ በሰነበተበት ጊዜ ሁሉ እሱ ከእህቱ አጠገብ መሬት ላይ ተኛ። አልጋው ላይ ማናቸውም አልወጡም።